የቅዳሜ ሥልጠናችን ዕቅድ፦ አናሎጉ ይግባ ወይስ ይቅር?

ጸሐፊው፣ ከደሴ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ? ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ለአዳዲስ ዲሽ ሠሪዎችና ጠጋኞች አጭር ሥልጠና እናዘጋጅ ተባብለን ነበር። ክፍል እንዲፈቀድልን ለኮሌጁ የምናስገባው የሁለት ገጽ ዕቅድ ያስፈልጋል። ረቂቁን ጀምሬዋለሁ። አራት ቀን ነው፣ ሁሉም ቅዳሜ። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ቅዳሴ አለ፤ ቅዳሜ ሁላችንንም ያስማማል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ስለ አናሎግ፣ ማለትም ስለ ድሮው ሥርጭት፣ ሦስቱ ስለ ዲጂታል ይሁን ብያለሁ። የማይመቻችሁን ተናገሩ፤ በኋላ አልሰማሁም የለም።

አባል፣ ከኮምቦልቻ፦

እኔ አናሎጉ ይቅር ባይ ነኝ። ልጆቹ እንጀራ ነው የሚፈልጉት። አገሮች ጄኔቫ ላይ በተስማሙት መሠረት አብዛኛው የአናሎግ ቴሌቪዥን ሥርጭት ከሌላ አገር ሥርጭት ረብሻ የሚጠበቅበት ጊዜ በሰኔ 2007 ዓ.ም አብቅቷል። በዚያ ላይ አናሎግ አንድ ጣቢያ የሚያስተላልፍበትን 8 ሜጋኸርዝ፣ ዲቪቢ ቲ2 የሚሉት የዲጂታል ቴሌቪዥን አሠራር ከአሥር በላይ ጣቢያ ይጭንበታል። ዓለም የሄደበትን ትተን ወደ ኋላ እንመለስ? ባለ 625 መስመሩ፣ ያ ጀርባው ጎባጣ ቴሌቪዥን ዛሬ ማን ያስጠግነዋል? እኔ ጋ አንድ አለ። ባለቤቱ ጥሎት ጠፋ፤ አሁን ሆዱ ውስጥ ዶሮ ታቅፋበታለች።

ጋሼ፣ ከሐይቅ፦

ልጄ፣ ዶሮዋን አታስነሣት፤ እሷ ከሁላችንም የተሻለ እየሠራችበት ነው። ግን አንድ ነገር ስማኝ። አየር ላይ የሚሄደው ድሮም ዘንድሮም ያው ሞገድ ነው። የተለወጠው ጭነቱ እንጂ አህያው አይደለም።

ኤኤም የሞገዱን ቁመት ከድምፁ ጋር ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ኤፍኤም ቁመቱን ትቶ ድግግሞሹን ያወዛውዛል። መብረቅ ሲመታ ኤኤም የሚንጫጫው፣ ኤፍኤም ግን ብዙም ደንታ የማይሰጠው ለዚህ ነው፤ መብረቁ በይበልጥ የሚረብሸው ቁመቱን ነውና። ዲጂታሉ ደግሞ ድምፁን መጀመሪያ ይለካዋል። በሲዲ ደረጃ ከሆነ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካና እያንዳንዱን ልኬት በ16 ዜሮና አንድ ይጽፈዋል። ቁጥሩ ግን በእግሩ አይሄድም፤ መልሶ ያው ሞገድ ላይ ይጫናል።

ስለዚህ ተራራ ለሁለቱም ተራራ ነው። ኤፍኤም ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ነው፤ እንደ ዓይን ነው፣ ያልታየው ቦታ አይደርስም ማለት ይቻላል። ኤኤም የሚጠቀምበት መካከለኛው ሞገድ ግን መሬቱን ተከትሎ ይሄዳል። ልጁ ይህን ሳያውቅ ገደል ሥር ላለ ቤት አንቴና ሊሸጥ ይሄዳል፤ ከዚያ «ዕቃው ቻይና ስለሆነ ነው» ይላል። እና ሌላ፣ «ዲጂታል አንቴና» እያሉ በውድ የሚሸጡትን ተዉአቸው። አንቴና ብረት ነው፤ የያዘውን ሞገድ ዜሮና አንድ ይሁን ዘፈን አያውቅም።

አባል፣ ከኩታበር፦

ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን የእኔ ምክንያት ሌላ ነው። አናሎግ ሊሞት ሲል ያጣጥራል። መጀመሪያ ነጫጭ ነጠብጣብ፣ ከዚያ ተራራ ላይ ነጥሮ የመጣው ሞገድ ሰውየውን ሁለት አድርጎ ያሳያል፣ ከዚያ ሻሻሻ። በደንብ ካየኸው በሽታውን ራሱ ይነግርሃል። ዲጂታል ግን እንደ አዝዋ፣ እንደ ደሴው ገደል ነው። እስከ አፋፉ ሜዳ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ትንሽ ስህተት ሲደርስበት ሪሲቨሩ ራሱ ያርመዋል፣ አንተም ደህና ነው ትላለህ። ከአቅሙ ሲያልፍ ሥዕሉ ይከታተፋል፣ ወዲያው ይጠፋል። ኬብል አናቱ ላይ የዛገ ዲሽ በጋውን ሙሉ ደህና ሲሠራ ከርሞ፣ የመጀመሪያው የክረምት ዶፍ ሲወርድ ጸጥ የሚለው ለዚህ ነው። ዝናቡ ሞገዱን ትንሽ ቀነሰበት፣ አፋፉ ላይ ነበርና ወደቀ።

ሪሲቨሩ የሚያሳያቸው ሁለቱ መስመሮች፣ ሲግናልና ኳሊቲ፣ ሥልጠናው ውስጥ ይግቡልኝ፣ በማርያም። ባለፈው አንዱ ተለማማጅ «ሲግናሉ 85 ነው፣ ሪሲቨሩ ነው የተበላሸው» ብሎ አንዲት ደንበኛ አዲስ ሊያስገዛት ነበር። ኳሊቲው ዜሮ ነው! ሲግናል ማለት እኮ ኤልኤንቢው፣ ዲሹ ፊት ያለው መቀበያ፣ በሕይወት አለ፣ ኬብሉም ደርሷል እንጂ ትክክለኛው ሳተላይት ተገኘ ማለት አይደለም። ዲሹን ሁለት ጣት ባነሣው ገባ።

የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሚገቡበት ኢትዮሳትም ራሱን የቻለ ሰዓት ይሰጠው። 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆነ ከእኛ አገር ዲሹ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይንጋለላል፤ ሳተላይቱ ከአድማስ 65 ዲግሪ በላይ ነው። የግብፁ ሳተላይት ናይልሳት ግን 7 ዲግሪ ምዕራብ፣ ከአድማስ 35 ገደማ። በናይልሳት የለመደ ልጅ ኢትዮሳትን ያን ያህል ቀና አድርጎ አይፈልገውም፤ ግማሽ ቀን ጣሪያ ላይ ይውላል። አንዲት እናት ተንጋሎ ሲያዩት «ዝናቡን ሊጠጣው ነው?» አሉኝ። አብሽሩ አልኳቸው።

አባል፣ ከኮምቦልቻ፦

እሺ መርሀባ፣ ተረታሁ። ግን ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሞገድ የሚሣል ከሆነ ልጆቹ ከምሳ በኋላ አይመለሱም። እኔ ራሴ አልመለስም። አናሎጉ በእጅ ይሁን።

ጸሐፊው፣ ከደሴ፦

እንግዲህ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦

«በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ አሮጌ ሬዲዮ ፈትቶ ይገጥማል። ከሰዓት ሬዲዮውን ይዞ ከከተማው ወደ ጦሳ አቀበት እየወጣ ኤፍኤሙ የት እንደሚጠራ፣ የት እንደሚጠፋ ይመዘግባል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅዳሜ ዲሽ ይተከላል፤ አንዱ ናይልሳት፣ አንዱ ኢትዮሳት። ኬብሉ ሆን ተብሎ ይበላሻል፤ ሠልጣኙ ሲግናልና ኳሊቲ እያነበበ ጥፋቱን ይፈልጋል። አራተኛው ቅዳሜ ፈተና ነው።»

ክፍያ ከሠልጣኝ አንወስድም። ኬብልና ማያያዣ ከማኅበሩ ሣጥን ይገዛል። ቴስተር ያለው ይዞ ይምጣ። የጋሼ ሰዓት የመጀመሪያው ጠዋት ነው፣ የአህያዋንም ነገር እዚያው ያስረዱልን። አንድ የቀረን ሥዕሉ ሁለት ሲሆን የምናሳይበት የድሮ ቴሌቪዥን ነው። ሥርጭቱ ባይኖርም ከቪዲዮ ማጫወቻ በኬብል እናስገባለታለን፤ ቪዲዮውን ወደ ቴሌቪዥን ሞገድ የሚቀይር አንድ ሞጁሌተር እኔ ጋ አለ። ኮምቦልቻ፣ ያንን ታመጣልን?

አባል፣ ከኮምቦልቻ፦

አመጣለሁ። ግን ትናንት ነው መታቀፍ የጀመረችው። ሃያ አንድ ቀን ስጡኝ።

ጸሐፊው፣ ከደሴ፦

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከአንድ ወር በኋላ ብዬ ጽፌዋለሁ።