ለጀማሪ የመጀመሪያዋ ሞተር፦ ቤንዚን ወይስ ባትሪ?

ጠያቂዋ፣ ኮዬ ፈጬ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሥራዬ ገላን፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ማታ ስወጣ ታክሲ የለም። ባለፈው ሳምንት ወረፋ ላይ ቆሜ ዝናቡ ሲወርድብኝ ነው ሞተር ልግዛ ብዬ የቆረጥኩት። ከብስክሌት በቀር ምንም ነድቼ አላውቅም። ወንድሜ "ቦክሰር 150 ግዢ፣ አይበላሽም" ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ የኤሌክትሪክ ስኩተር ካልሆነ አትግዢ ትላለች። ደርሶ መልሱ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከጂቡቲ መስመር የሚመጡት ተሳቢዎች ግን በጣም ያስፈሩኛል። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ሰበታ፣ መካኒክ
እህቴ፣ ሞተር ስጠግን 14 ዓመቴ ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዝግታ ሲሄድ ነው። ጭቃ ላይ ሲዞር፣ ኮብልስቶን ላይ ሲቆም፣ ዳገት ላይ ሲነሳ። ስለዚህ መጀመሪያ ራስሽን ጠይቂ፤ ሞተሯ ብትወድቅ ብቻሽን ታነሻታለሽ? ቦክሰር 150 ወደ 120 ኪሎ ትመዝናለች። ቁጭ ብለሽ ሁለቱም እግሮችሽ መሬት በደንብ ካልረገጡ፣ ማንም ቢመክርሽ አትግዢ።

የእኔ ምርጫ ከ100 እስከ 125 ሲሲ ያለች የቤንዚን ሞተር ናት። ዋናው ምክንያቴ ጎማ ነው። የስኩተር ጎማ አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 12 ኢንች ነው። የሞተር ሳይክል 17 ወይም 18 ነው። ትንሹ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ትልቁ ይሻገረዋል። በክረምት ጉድጓዱ በውኃ ተሸፍኖ ሲጠብቅሽ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሌላው ደግሞ የትም ብትቆሚ ጎሚስታ አለ። ካንዴላውም፣ ካቴናውም፣ የፍሬን ሸራውም በቀላሉ ይገኛል። የባትሪ ስኩተር ኮንትሮለር (ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ክፍል) ተቃጥሎባቸው መለዋወጫ ፍለጋ ወር ሙሉ የተንከራተቱ ልጆች አውቃለሁ።

ቡራዩ
አፓቼ 180 ግዢ። በትንሹ ከጀመርሽ በስድስት ወር ይሰለችሻል። ሸጠሽ ሌላ ስትገዢ ደላላውም ይበላሻል፣ ዋጋውም ይወርድብሻል። አንዴ ጨክኖ መግዛት ይሻላል።

ሱሉልታ፣ ነርስ
ወንድሜ ቡራዩ፣ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው፤ በዚህ አልስማማም። ገና ጋዝና ፍሬን በእጁ ያልለየ ሰው ጉልበት ሲሰጡት ጉልበቱ ይዞት ይሄዳል። ፍጥነት ከ30 ወደ 60 ወጥቶ እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚኬደው ርቀት አራት እጥፍ ነው። ይህን በቃል ያወቀ ብዙ ነው። እጁ እስኪያውቀው ግን ወራት ይፈጃል። በስድስት ወር ተሰላችታ ብትሸጠው፣ ስድስት ወር በሰላም ገብታለች ማለት ነው። ለዚያ የሚከፈል ኪሳራ ለእኔ ኪሳራ አይደለም።

እህቴ፣ ሄልሜቱን ከሞተሩ በፊት ግዢ። ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ሄልሜት የሞት አደጋን 42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን 69 ከመቶ ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው አገጭሽ ሥር ሲታሰር ነው። መሪው ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት ስንት ጊዜ ከአደጋ ጋር አብሮ እንደመጣልን ብነግርሽ ታለቅሻለሽ።

ለገጣፎ
እኔ ሁለት ዓመት በኤሌክትሪክ ስኩተር ተመላልሻለሁ፤ ሴትም ነኝ፣ በጀማሪነትም ነው የያዝኩት። ጋሼ ሰበታ በጎማው እውነትዎን ነው። ግን ሁለት ነገር አልፈዋል።

አንደኛ፣ ፍሪሲዮንና ማርሽ የለም። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እረፍት ነው። ዓይኗ ማርሽ ፍለጋ ሳይሆን መንገዱ ላይ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ከፍታችን። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። 100 ሲሲዋ ሞተር ሰው ጭና ዳገት ላይ የምታቃስተው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያቃጥልም፣ ከፍታው አይነካውም። ቤንዚን ደግሞ በሊትር ከ120 ብር አልፏል። የማደያውን ሰልፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ሰበታ፣ መካኒክ
በከፍታው ልክ ነሽ ልጄ። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ከመጣ፣ እዚህ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። የሚያውቅ ሰው ካስተካከለው በጣም ይሻሻላል፤ የጠፋውን ጉልበት ሁሉ ግን አይመልሰውም። ይህን አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ጋራዥ የሚመጡልኝ የጀማሪ ሞተሮች የኋላ ፍሬን ሸራቸው አልቆ የፊቱ አዲስ ሆኖ ነው የማገኘው። የፊቱን ይፈሩታል። ዋናውን የማቆም ሥራ የሚሠራው ግን የፊቱ ነው። ስኩተርም ግዢ ሞተርም ግዢ፣ መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ የፊቱን ፍሬን ቀስ አድርጎ መያዝ ተማሪ። ይህን ሳትለምጂ አስፋልት አትውጪ።

ጠያቂዋ፣ ኮዬ ፈጬ
አመሰግናለሁ ጋሼ። የለገጣፎዋ እህቴ፣ እኛ ፎቅ ላይ ነን፣ ሊፍት የለም። መብራትም ይጠፋል። ቻርጁን እንዴት ታደርጊዋለሽ?

ለገጣፎ
ዋናው ጥያቄሽ ይህ ነው፤ ሻጩ ግን አይነግርሽም። "ባትሪው ሊድ አሲድ ነው ሊቲየም?" በዪው። 60 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት የሚባለው ሊድ አሲድ ከሆነ አምስት ባትሪ ነው። አንዱ 6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ድምሩ ወደ 30 ኪሎ ነው። በየማታው አራተኛ ፎቅ ማውጣት አትችዪም። ሊቲየም ሆኖ የሚነቀል ከሆነ ክብደቱ የዚያ ሲሶ ገደማ ነው፣ እንደ ቦርሳ ይዘሽው ትወጫለሽ። ተኝተሽ ግን ቻርጅ አታድርጊ፣ በር አጠገብም አታስቀምጪው።

ርቀቱንም ራስሽ አስዪው። 60 በ20 ሲባዛ 1,200 ዋት ሰዓት ነው። እኔ በኪሎ ሜትር 30 ዋት ሰዓት ገደማ እጠቀማለሁ፣ ስለዚህ 40 ኪሎ ሜትር። ባትሪው ሲያረጅ ከዚህም ይቀንሳል። "80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል" ካለሽ ሜዳ ላይ ቀጭን ሰው ይዞ ነው። ለአንቺ መንገድ ይበቃል። መብራት ሁለት ቀን ከጠፋ ግን አይበቃም። ያን ቀን እኔም በታክሲ ነው የምሄደው።

አያት
ሁላችሁም ስለ ሞተሯ ስታወሩ ወረቀቱን ረሳችሁት። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ፈቃድ የሌለው ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሎ ነበር፤ ያኔ ስንቱ ቤቱ አቁሞ ቀረ። እኛ ዳር ያለን ሰዎች አንዴ ሸገር ከተማ፣ አንዴ አዲስ አበባ ነው የምንነዳው። ብር ሳትከፍዪ በፊት በሁለቱም በኩል ትራንስፖርት ቢሮ ሄደሽ ለዚያች ሞተር ታርጋ ይሰጣል ወይ፣ በየት በየት ትንቀሳቀሳለች ብለሽ ጠይቂ። ሻጩ "ይህ ታርጋ አይፈልግም" ቢልሽ በቃሉ አትመኚ። መንጃ ፈቃድም እንደዚሁ።

ቡራዩ
ነርሷ ያለችውን አነበብኩ። ስለ ኪሳራው ያልኩትን ትቻለሁ። ትልቅ ሞተር ግን ከተሳቢ አጠገብ ቶሎ ያስወጣል፣ እዚህ ላይ አሁንም አልለወጥም።

ሱሉልታ፣ ነርስ
ከተሳቢ አጠገብ አለመግባት ነው እንጂ ቶሎ መውጣት አይደለም። ሹፌሩ በመስታወት ካላየሽ የለሽም ማለት ነው። ማታ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ልበሺ።

ጠያቂዋ፣ ኮዬ ፈጬ
ትናንት ሁለት ሱቅ ሄድኩ። ቦክሰሯ ላይ ስቀመጥ የእግሬ ጣት ብቻ ነው የነካው፤ ወንድሜም አይቶ ዝም አለ። ሊቲየም ያላት ስኩተር ባትሪዋን አንስቼ ደረጃ ወጥቼ አየሁት፣ ቻልኩት። ግን 10 ኢንች ጎማ ናት፣ በዝናቡ ልቤ አላመናትም። ሻጩ በ12 ኢንች ሌላ ይመጣል ብሎኛል። ሰኞ ትራንስፖርት ቢሮ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ወንድሜ ከጓደኛው 100 ሲሲ ተውሶልኝ እሁድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ላይ የፊት ፍሬን ሊያስተምረኝ ነው። ሄልሜቱን ገዝቻለሁ።