ሩዝ ላይ ውሃ ማቆር አረም ያጠፋል?

ጠያቂ፣ ከሚሴ፦ ሰላም ወገኖች። ጨፋ ላይ፣ ዋልካ መሬት ላይ ሩዝ በብተና ሊዘራ ነው። ውሃ ሲታቆር አረሙ ይታፈናል ይባላል፤ ዘሩስ አብሮ አይታፈንም?

መልስ 1፦ ይታፈናል እንጂ! ሩዝ ያለ አየር ቢበቅልም መጀመሪያ የሚረዝመው የቡቃያው ሽፋን ብቻ ነው፤ ሥሩና ቅጠሉ ኦክስጅን እስኪያገኙ ይዘገያሉ። ብዙው ዝርያ እዚያው ይበሰብሳል። ዘሩን 24 ሰዓት ዘፍዝፉ፣ 24 ሰዓት ሸፍናችሁ አቆዩ፤ ነጭ ጫፍ ሲያወጣ በተጠነፈፈ ጭቃ ላይ በትኑ። ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ 2-3 ሴ.ሜ ውሃ፣ ከዚያ እንደ ቁመቱ እስከ 5።

መልስ 2፦ ችግሩ ከብተና እስከ ውሃ ማስገባት ያለው ክፍተት ነው። ውሃ የሚያፍነው ገና ያልበቀለውን ዘር ነው፤ ቅጠሉን ከውሃ በላይ ያወጣ ሣር ግድ የለውም። ስለዚህ ቀድማችሁ በእጅ ንቀሉ። ሩዝ የሚመስለውን ሣር ለመለየት ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበትን እዩ፦ ሩዝ እዚያ ላይ ስስ ነጭ ልሳንና ጸጉራም ጆሮ አለው፣ ሣሩ ልሙጥ ነው። የሰው ጉልበት ካለ ግን ችግኝ ማዛወር ይሻላል፦ የ21 ቀን ችግኝ ተክላችሁ በሦስት ቀን ውስጥ ውሃ ማስገባት ይቻላል።

ጠያቂ፦ ጎርፍ የሚቋቋመው ዝርያስ?

መልስ 1፦ ሰብ-1 የተባለው ጎርፍ የሚያስችል ዘረመል (ጂን) ያለበት ዝርያ ቅጠል ካወጣ በኋላ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ቢሰጥም ሁለት ሳምንት ያህል ይቋቋማል። ውሃ ውስጥ መብቀል ሌላ ባሕርይ ነው።

መልስ 3፦ ማሳው ካልተደለደለ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ጉብታው አረም ያበቅላል፣ ጎድጓዳው ሩዙን ይበላል። እንግጫን ደግሞ በውሃ ብቻ አትጠብቁት፣ እርጥበት ድግሱ ነው።