ጊኒ ፒጋችን ስትሸና ትጮኻለች፤ ምን ይሆን?

የሚኪ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የልጄ ጊኒ ፒግ (ከአይጥ ወገን የሆነች ትንሽ የቤት እንስሳ) ሦስት ዓመቷ ነው። ሰሞኑን ስትሸና ጀርባዋን አጉብጣ ሲጥ ሲጥ ትላለች። ዛሬ ነጩ ፎጣዋ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ አየሁ። ሽንቷ ሲደርቅ ደግሞ ነጭ ዱቄት ይተዋል። ልጄ እንቅልፍ አጥቷል፤ እኔም ጨንቆኛል።

አበባ፦ አይዞሽ እህቴ። ነጩ ዱቄት ብቻውን አያስደነግጥም። ጊኒ ፒጎች ትርፍ ካልሲየም የሚያስወጡት በሽንት ነው። እንደ አሸዋ ከሻከረ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔን ያሳሰበኝ ጩኸቱና ደሙ ነው። የፊኛ ጠጠር ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ሴት ስለሆነች ደሙ ከማህፀንም ሊመጣ ይችላል። ኤክስሬይ ጠይቂ፤ ጠጠሩ አብዛኛውን ጊዜ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዛሬ ነገ ሳትዪ ውሰጃት። ምግብ ካቆመች ወይም እያማጠች ሽንት ጠብ ካላለላት ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ሩጪ።

የቨርጂኒያው፦ ጊኒ ፒግ የሚያክም ሐኪም ፈልጊ፤ የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ አያውቃቸውም። ቤት ያለ አሞክሳሲሊን ደግሞ በፍጹም እንዳትሰጫት! የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያ ያጠፋል፤ ሊገድላትም ይችላል።

የሚኪ እናት፦ ተባረኩ። ድርቆሿ አልፋልፋ ነው፤ ልቀይረው?

አበባ፦ አዎ፣ ቲሞቲ የሚባለውን የሣር ድርቆሽ አድርጊላት። አልፋልፋ ካልሲየሙ ብዙ ነው፤ ለግልገልና ለእርጉዝ ነው የሚሆነው። ቀይ የፈረንጅ ቃሪያም ስጫት፤ ቫይታሚን ሲ አለበት፤ ሰውነታቸው ራሱ አይሠራውም። የተፈጠረ ጠጠር ካለ ግን ምግብ መቀየር አያሟሟውም። ሐኪሙ ያለሽን ጻፊልን።