አዲስ ብሎክ ይጨመር ወይስ አሮጌው ዶርም ይጠገን? (ድሬዳዋ)

የሳቢያኗ
ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። መምህር ነኝ፣ ስለ ግንባታ ብዙም አላውቅም። የማስተምርበት ግቢ (ስሙ ይቅር) በየዓመቱ ተማሪ ይጨምራል። ዘንድሮ የግንባታ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። ያለው ብር የሚበቃው ወይ አዲስ የዶርም ብሎክ ለመጀመር ነው ወይ ሁለቱን አሮጌ ብሎኮች ለመጠገን። አብዛኛው ሰው አዲሱን ይፈልጋል። እኔ ግን ከሻወሮቹ ሥር ያለውን ክፍል ካየሁ ወዲህ ሐሳብ ገብቶኛል፤ ሶሌታው (ከላይ ያለው የኮንክሪት ወለል) ከታች በኩል ተፈርፍሮ ውስጡ ያለው ብረት፣ ፌሮው፣ ወጥቷል፣ ዝገቱ በጣት ሲነኩት ይረግፋል፣ እዚያው ሥር ደግሞ ተማሪ ይተኛል። በየዓመቱ ቀለም ይቀቡታል፣ ብዙም ሳይቆይ ቢጫው እድፍ ይመለሳል። ስብሰባው ላይ ምን ብዬ ልከራከር? ጥገናውስ ከየት ይጀመራል?

ፌራዮው
እህቴ፣ መጀመሪያ ያን አልጋ አስነሺ። ስብሰባ አትጠብቂ።

ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ገፍቶ ያረግፈዋል። ስለዚህ ከላይ የሚወርደው ውሃ ካልቆመ ከታች የምትለስኑት ሁሉ ተመልሶ ይወድቃል። ሶሌታውን ከሥሩ በመዶሻ ቀስ እያላችሁ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው በሙሉ ይነሳ፣ ፌሮው በብረት ብሩሽ ዝገቱ እስኪለቅ ይጸዳ፣ ከቀጠነ ኢንጂነር ይየውና ሌላ ይታከልበት። ግን መጀመሪያ ላይኛው ሻወር ነው። ሴራሚኩ ተነስቶ ውሃ መከላከያ ይቀባ፤ አዲሱን ሴራሚክ ከማንጠፋችሁ በፊት የፍሳሹን ቀዳዳ ድፈኑና ወለሉ ላይ ውሃ አቁሙበት፣ 24 ሰዓት ይቆይ። ከታች አንድ ጠብታ ከታየ ማንም እንዳይፈርም!

ቧንቧውንም እዩት። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፣ አሮጌ የብረት ቧንቧ ብትቆርጡ ውስጡ በነጭ ድንጋይ ተደፍኖ ታገኙታላችሁ። ሻወር ቤት አፍርሳችሁ አሮጌውን ቧንቧ እዚያው መተው ገንዘብ ማባከን ነው።

የከዚራ ልጅ
ፌራዮው ልክ ነው፣ ጥገናው ይቅደም። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ብሎኮቹን ከተረከባችሁ ስንት ዓመት ሆናቸው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕንፃ ተቋራጭን ከርክክብ በኋላ ለ10 ዓመት ተጠያቂ ያደርገዋል። ያ ካላለፈ ውሉን ይዘሽ የሕግ ክፍሉን አነጋግሪ፣ ምናልባት ወጪው ሁሉ የናንተ ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ አዲሱም ብሎክ መምጣቱ አይቀርም፣ ሲመጣ ግን አቦ ከሌላ ከተማ የተቀዳ ፕላን አትቀበሉ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። መንገዱ 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ አየሩ ግን ጭራሽ አይገናኝም። ሐረር ላይ የሚመች ክፍል እዚህ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ምድጃ ይሆናል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ በኋላ ከዚራ ሰፈር የተሠሩትን ቤቶች ሄደሽ እይ፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ግድግዳውን ከፀሐይ የሚከልል፣ በየመንገዱ ዛፍ። አዲሱም ረጅም ጎኑ ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዙር፣ ምዕራብ ላይ መስኮት አይብዛ፣ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ። የኮንክሪት ሙሌቱ ፀሐይ ሳይበረታ ይደረግ፣ ከዚያ ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ጆንያ ለብሶ ውሃ ይጠጣ። ብዙ ሳይት ላይ ሲቸኩሉ የሚዘሉት ይሄንን ነው፣ ኋላ የሚሰነጠቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የጎርፍ መውረጃውንም አደራ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያደረገውን የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም። ግቢውን በኮብልስቶን ሞልታችሁ ውሃውን ወደ ጎረቤት ሰፈር እንዳትለቁት።

ጀጎል ሰፈር
ሐረር ሆነው ለሚያነቡ፦ ግቢያችሁ ውስጥ በጭቃ የተገነባ አሮጌ የድንጋይ ቤት ካለ በሲሚንቶ አትለስኑት። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ግንቡ ከውስጥ ይበሰብሳል። የኛ እናቶች በየጊዜው ኖራ የሚቀቡት ለውበት ብቻ አይደለም። ግድግዳው ይተነፍሳል።

የሳቢያኗ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። አልጋዎቹ ዛሬ ተነስተዋል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ ተማሪዎቹ እያሉ እንዴት ይሠራል?

ፌራዮው
ብሎኩን በሙሉ አትዝጉት። ሻወሮቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ስለሚወርዱ አንዱን መስመር ዝጉ፣ ጨርሳችሁ በውሃ ፈትሹ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ትልቁን ማፍረስ ተማሪ ለክረምት ሲወጣ አድርጉት። የጣሪያ ቆርቆሮ የሚነካ ሥራ ካለ ግን እሱ ለበጋ ይቆይ።