ራሼልን ገንዘብ ገደላት ወይስ ሳንባ ነቀርሳ?

የመድረክ ልጅ፦ ትናንት ማታ በሬዲዮ ስለ ፈረንሳይ ቴአትር ሲያወሩ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተዋናይ ራሼል ፌሊክስ ላይ ደረሱ። አቅራቢው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ገንዘብ የገደላት ተዋናይ»! ሳህን እያጠብኩ ነበር፣ ከእጄ ሊወድቅ። የድሮዎቹን ትራጄዲ ጸሐፊዎች ኮርኔይንና ራሲንን ከመቃብር ያወጣች ሴት በሦስት ቃል ተሸኘች። በፈረንጆቹ ሰኔ 1838 በፓሪሱ ብሔራዊ ቴአትር ቤት ኮሜዲ ፍራንሴዝ፣ በኮርኔይ «ኦራስ» ላይ ካሚይን ሆና ስትወጣ ገና 17 ዓመቷ ነው። ያኔ ሰዉ አዲሱን የቪክቶር ሁጎ ድራማ ነበር የሚያሳድደው፤ ለድሮው ትራጄዲ የሚያጨበጭብለት ባዶ ወንበር ነበር። መከር ሲገባ ግን እሷን ለማየት ግፊያ ሆነ። ይህን ለምን አያነሱም?

ታዛቢው፦ ጠበቃዋ መጣ! አቅራቢው ምኑን ዋሸ? ከ1842 ጀምሮ የቴአትር ቤቱ ባለድርሻ ናት፣ ግን በየጊዜው ፈቃድ እያወጣች ለንደን፣ ሩሲያ... በ1855 ደግሞ ወንድሟ ራፋኤል፣ ስዊድናዊቷ ዘፋኝ ጄኒ ሊንድ ከአሜሪካ ያፈሰችውን እኛም እናፍሳለን ብሎ ታማ ሳለች መርከብ ላይ ጫናት። ይሄ ገንዘብ ካልገደላት ምን ሊገድላት ነው?

ፍሬ ነገር፦ ሳንባ ነቀርሳ። እህቷ ርብቃም በ1854 በዚያው በሽታ ነው የሞተችው። እሷንም አሜሪካ ወስደዋት ነው?

ታዛቢው፦ እህቴ፣ «ገደላት» ሲባል እኮ እንደ አነጋገር ነው። የሐኪም ወረቀት አልጻፍኩም።

የመድረክ ልጅ፦ አሃ፣ አሁን አነጋገር ሆነ! ቅድም «ምን ሊገድላት ነው» ብለህ ያፋጠጥከን አንተ አይደለህም?

ጋሽ ሞላ፦ ልጆች፣ ቀስ በሉ። የአሜሪካው ጉዞ እኮ ከገንዘቡ ይልቅ ሌላ የሚያሳዝን ነገር አለው። ኒውዮርክ ላይ አብዛኛው ተመልካች ፈረንሳይኛ አይችልም። ትርጉሙን በመጽሐፍ ይዞ እያነበበ ነው የሚከታተላት። ገጹ ሲያልቅ አዳራሹ በአንድ ጊዜ ይገልጣል፤ ዝናብ የመጣ ይመስላል አሉ። እሷ መድረክ ላይ ስትነድ እነሱ አንገታቸውን ደፍተው ገጽ ይፈልጋሉ። ከዚያ ፊላደልፊያ ላይ ብርድ መታት። ታኅሣሥ ላይ ቻርልስተን ውስጥ «አድሪየን ለኩቭረር» የተባለውን ቴአትር ተጫወተች፤ ከዚያ ወዲህ መድረክ አልወጣችም። ጥር 1858 ደቡብ ፈረንሳይ፣ ለካኔ ላይ አረፈች፣ በ36 ዓመቷ።

ታዛቢው፦ ጋሽዬ፣ እርስዎም እኮ የእኔን ነው የተናገሩት።

ጋሽ ሞላ፦ ያንተን አልተናገርኩም።

ከሐይፋ፦ እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። አባቷ አይሁዳዊ ሸቀጥ አዟሪ፤ እሷ በልጅነቷ ሊዮን መንገድ ላይ እየዘፈነች ሳንቲም የለቀመች። ከዚያ ደመወዝ ጨምሩልኝ ስትል «አይሁድ አይደለች፣ ምን ይጠበቃል» አሏት። የመጀመሪያ ውሏ በዓመት 4,000 ፍራንክ ነበር። ቤቱን የሞላችው እሷ፣ ስግብግብ የተባለችው እሷ! ከእሷ በኋላ የመጣችው ተዋናይ ሳራ በርናር በ1880 ከዚያው ቴአትር ቤት ውሏን ጥላ ስትወጣ፣ 100,000 ፍራንክ ክፈይ ተብላም አሜሪካን ዘጠኝ ጊዜ ስትዞር «ኮከብ» ሆነች።

ፍሬ ነገር፦ እዚህ ላይ አልስማማም። የሳራም እናት አይሁዳዊት ናት፣ በካርቱን ስንት ጊዜ ተሳለቁባት! እሷን ለማንሳት ሌላዋን አትጣይ።

ከሐይፋ፦ ማን ጣላት? «ኮከብ» ማለት መጣል ነው እንዴ?

ታዛቢው፦ እናንተ ስትነታረኩ እኔ አንድ ልጨምር። በ1848 አብዮት ባንዲራ አቅፋ ተንበርክካ የአብዮቱን መዝሙር ማርሴዬዝን ዘፈነች፤ በ1852 ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሊሆን ለተዘጋጀው ለሉዊ ናፖሊዮን የውዳሴ ግጥም አቀረበች። ሪፐብሊክም ይክፈል፣ ንጉሠ ነገሥትም ይክፈል!

የመድረክ ልጅ፦ አልዘፈነችም። ግማሽ ንባብ፣ ግማሽ ዜማ ነው። ድምጿ ለዘፈን አይሆንም ነበር።

ታዛቢው፦ ከተናገርኩት ሁሉ የያዝከው «ዘፈነች»ን ነው?

የመድረክ ልጅ፦ አንተስ ሃያ ዓመት ከሚጠጋ ሥራዋ የያዝከው ፈቃዷን አይደል? በ1843 የራሲንን «ፌድር» ስትጫወት ማን ከፍሎ አስነደዳት? ደግሞ በ1848 «ሪፐብሊክ ለዘላለም» ያለው ፈረንሳዊ በ1852 ለማን ድምፅ ሰጠ? እሷ ላይ ሲሆን ነው ነውር የሚሆነው?

ታዛቢው፦ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብላ ነዋ!

ፓሪስ ነኝ፦ ባለፈው ዓመት ፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ሄጄ መቃብሯን አይቻለሁ፣ በአይሁዶቹ በኩል ነው። እንደ ትንሽ ቤት የተሠራ ነው፣ በሩ ላይ «ራሼል» ብቻ ተጽፏል። የአባት ስምም የለ፣ ማዕረግም የለ።

ታዛቢው፦ በማን ገንዘብ ተሠራ?

የመድረክ ልጅ፦ እዚያም ሄደህ ደረሰኝ ጠይቃት!