«ዕዳው ገብስ ነው»? የባትሪ ፋብሪካ ለደብረ ብርሃን

የጠባሴው፦ ሰሞኑን በከተማችን ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ «ያረጀ ባትሪና የፋብሪካ ዝቃጭ ሰብስበን ሊቲየም፣ ኮባልትና ኒኬል እናወጣለን፤ የሚተርፈው አሲድ ዕዳው ገብስ ነው» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርካችን የሚታወቀው በልብስ ስፌት ነው። ከክር ብጣሽ ሊቲየም የሚያወጣ ካለ እጁን ያውጣ!

መሐንዲሱ፦ ስለ ክር ማን አወራ? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። የኤሌክትሪኩ መኪና ባትሪ ሲያረጅ የት ሊደርስ ነው? ይፈጫል፣ ጥቁሩ ዱቄት በሰልፈሪክ አሲድ ይሟሟል፣ ብረቶቹ በየተራ ይለያሉ። አውሮፓውያን ከአሮጌ ባትሪ ሊቲየም እስከ 2027 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 50 በመቶው፣ እስከ 2031 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 80 በመቶው እንዲወጣ በሕግ ደንግገዋል። እኛ ጋ ሲደርስ ብቻ ነው «አይሆንም» የሚባለው።

የባሶናው ገበሬ ልጅ፦ ሰውየው ገብስ ዘርተው ያውቃሉ? እኛ ዘርተን እናውቃለን። ከበሬሳ ወንዝ በታች ያለ ሰው ይህን ንግግር ሰምቶ አያጨበጭብም።

መሐንዲሱ፦ ወንድሜ፣ አባባል እኮ ነው! አሲዱ በኖራ ይመክናል፤ ዝቃጩ ውሃ በማያሳልፍ ጉድጓድ ይቀመጣል።

የባሶናው ገበሬ ልጅ፦ ኖራውን የሚገዛው ማን ነው? ሌሊት ቧንቧው ወደ ወንዙ ሲከፈትስ የሚያየው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ከገብሱ በፊት ገንዘቡን አስሉ። የበርካታ የቻይና መኪኖች ባትሪ በብረትና በፎስፌት የተሠራ ነው፤ ኮባልትም ኒኬልም የለበትም። በዚህ ሥራ ደህና ገቢ የሚያስገኙት ደግሞ እነዚያ ሁለቱ ናቸው። የሊቲየም ዋጋም በ2022 እ.ኤ.አ. ጣሪያ ከነካ በኋላ ተንኮታኩቷል። ባለሀብቱ የሚመጣው ለጽድቅ ነው?

መሐንዲሱ፦ ስለዚህ ሜዳ ላይ ይጣል? የሊቲየም ባትሪ ሲቃጠል መርዛማ ጋዝ እንደሚተፋ የምታውቂ መሰለኝ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ይጣል አላልኩም። «ሀብት ነው» አትበሉን፤ «ወጪ ነው፣ ከፋዩም እገሌ ነው» በሉን።

መንዜው፦ ፋብሪካ የተባለ ሁሉ ለደብረ ብርሃን! የእኛ ከተማ መሐል ሜዳ ምን በደለ?

የጠባሴው፦ ከነአሲዱ ውሰዱት፤ መርቀን እንሸኘዋለን።

መንዜው፦ ድሮም እንዲህ ናችሁ። ሱፉ ከእኛ በግ ተሸልቶ፣ ብርድ ልብሱ የእናንተ ተባለ።

የባሶናው ገበሬ ልጅ፦ በጉን ተዉትና ቧንቧውን የሚያየው ማን ነው?

መሐንዲሱ፦ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አለ።

የጠባሴው፦ አለ፤ ሌሊት ግን ይተኛል።

መንዜው፦ ስለ ሱፉ አልመለሳችሁልኝም።