ድጋፉ በብር፣ ኑሮው በዶላር፤ ምን ብለን እንስማማ?

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ጅማ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳስተምር ቆይቼ፣ አሁን ደቡብ ሱዳን ጁባ፣ መጋቢዎችን በሚያሠለጥን ኮሌጅ ለአምስት ዓመት እንዳስተምር ተጠርቻለሁ። ቤት ይሰጠናል። ምግብ፣ ሕክምናና የሁለቱ ልጆቻችን ትምህርት ግን በእኛ ነው፤ የልጆቹን ትምህርት ቤት የምንከፍለው በዶላር ነው።

የሚልኩን ጅማና አጋሮ ያሉ ሦስት አጥቢያዎች ናቸው። ቃል የገቡልን በብር፣ ያውም ከሐምሌ 2016 በፊት፣ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሳለ ነበር። የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው ገንዘብ የሚገዛው ዶላር ከግማሽ በታች ወርዷል። መሪዎቹ ቃላቸውን አላጠፉም። ነገር ግን ሰጪዎቹ አብዛኞቹ ቡና አምራቾች ናቸው፤ ገንዘብ እጃቸው የሚገባው ከለቀማ በኋላ ብቻ ነው። አንዲት እናት ከጓሯቸው የለቀሙትን ጀንፈል በኬሻ አሸክመው አምጥተው «ተሸጦ ለመንገዳችሁ ይሁን» ብለውናል። እንዲህ ያለውን ስጦታ እጥፍ አድርጉት ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም።

ባንክ ጠየቅን፤ ለመንገደኛ የሚፈቀደው ምንዛሪ ለየወሩ መተዳደሪያ እንደማይሆን ተነገረን። እንደ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፉ ማገልገልንም አሰብን፤ ኮሌጁ ግን ሙሉ ጊዜዬን ይፈልጋል። አሁን አጥቢያዎቹ የስምምነቱን ደብዳቤ እንደገና እንድናረቅቅ ጠይቀውናል።

ከኢትዮጵያ ተልካችሁ ውጭ አገር ለዓመታት ያስተማራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ብር ሲረክስ ጉድለቱን ማን እንደሚሸፍን ከላኪዎቻችሁ ጋር በስምምነታችሁ ላይ ምን ብላችሁ ጻፋችሁ?